ከበሩ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ስንት እርምጃ ነው

ሰኞ 2

ዛሬ ሥራ አገኘሁ። ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ በእነዚህ ሰባት ዓመታት ከባለቤቴ በስተቀር ሥራ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም።

የደወለችልኝ የዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ናት። ድሮ ጋዜጣው ቤት ለልምምድ ስትመጣ በእኔ ሥር ነበረች፤ የመጀመሪያ ዜናዋን ስድስት ጊዜ መልሼባታለሁ። ግቢው ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያ ቀን በሩ ለሕዝብ ይከፈታል። አስጎብኚ አይኖርም። እንግዳው በሩ ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይቀበልና እያነበበ ራሱን ያስጎበኛል። ዐሥራ አራት መቆሚያ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ።

“ምልክት አትተክሉም?” አልኳት።

“ጋሼ፣ የቅርስ ኮሚቴው ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም፣ ቀለም አይቀባም፣ ሣር ላይ ብረት አይተከልም ብሏል። እኔም አንድ ቦታ ረዘም አድርጌ ብቆም የሚነቅሉኝ ይመስለኛል።”

“ስለዚህ የሚመራቸው ወረቀቱ ብቻ ነው።”

“ወረቀቱ ብቻ። ለዚህ ነው እርስዎን የፈለግኩት። ሰው ብቻውን ገብቶ፣ ሳይጠፋ፣ ብቻውን እንዲወጣ አድርገው ይጻፉልኝ።”

ሐሳቡ የእሷ ነው። የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ በግማሽ ልብ ነው የተቀበለው። ሊቀ መንበሩ “አንድ ሰው የጠፋ እንደሆነ ጉዳዩን እንደገና እናየዋለን” ብለዋታል። እኔ የጻፍኩትን አንብቦ የጠፋ ሰው የለም አልኳት።

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። ወሬውን ስትሰማ ደስ አላት። ትንሽ ቆይታ፣ “ሐኪሙስ?” አለች። ቀኝ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ይናገራል፤ እሷ ታጋንነዋለች። ሥራው ሲያልቅ እሄዳለሁ አልኳት። ቃሌን ተቀበለችኝ፤ ፊቷ ግን አልተቀበለኝም።

ረቡዕ 4

የመጀመሪያው የልኬታ ቀን። ከዋናው በር እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ፦ 212 እርምጃ። ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሰዓቱ ማማ፦ 88። ከማማው እስከ ትልቁ ዛፍ፦ 140።

አሠራሬን እዚህ ልጻፈው። ጋዜጣው ቤት ስገባ ዋና አዘጋጁ “ገደማ” የሚለውን ቃል የሚጠሉ ሰው ነበሩ። “ሃምሳ ሜትር ገደማ” ብዬ ጽፌ ወረቀቱን ቀደው መለሱልኝ። “ቦታው ድረስ ሄደህ ነበር ወይስ ገደማው ድረስ?” አሉኝ። በማግስቱ ኳስ ሜዳ ላይ መቶ ሜትር በገመድ ለክቼ ሃያ ጊዜ ተመላለስኩ። እርምጃዬ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ ወዲህ እሳቱንም፣ ጎርፉንም፣ የዳቦ ሰልፉንም የለካሁት በእግሬ ነው። በሠላሳ አምስት ዓመት ጋዜጣው ማረሚያ ብሎ ብዙ ነገር አውጥቷል፤ የእኔ ርቀት ግን አንድም ቀን እዚያ ዓምድ ውስጥ አልገባም።

ከበሩ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ያለው መንገድ ደቃቅ አሸዋ የለበሰ ነው። አትክልተኛው በየማለዳው በሬክ፣ በዚያ ባለ ጥርስ መጥረጊያ፣ ያበጥረዋል። እኩያዬ ይሆናል። ባርኔጣው ግን ከሁለታችንም ይበልጣል።

“ጌታው፣ ምን ጠፍቶህ ነው መሬት መሬት የምታየው?” አለኝ።

“እየቆጠርኩ ነው።”

“ምኑን?”

“እርምጃዬን።”

“አይ፣ እሱ እንኳ አይጠፋህም” አለና አሸዋውን ማበጠሩን ቀጠለ።

ቅዳሜ 7

እስከ ሰባተኛው መቆሚያ ጨረስኩ። የሰዓቱ ማማ አራት ፊት አለው፤ አራቱም የተለያየ ሰዓት ይናገራሉ። ተማሪ ሳለን የዘገየ ሰው በምሥራቁ ፊት ይምላል፣ መውጣት የፈለገ በምዕራቡ። ይህንን ጻፍኩት።

ባለቤቴን መጀመሪያ ያየኋት ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ነው፤ ይህንን አልጻፍኩትም። ያኔ አብረን ስንሄድ “እባክህ ቀስ በል፣ ዜና አላመለጠህም” ትለኝ ነበር።

ሐሙስ 12

ዝናብ። ቤት ዋልኩ። አንድ፣ ሁለትና ሦስትን ደግሜ ጻፍኩ። ጉልበቴ እርጥበቱን አልወደደውም። ማን ይወደዋል?

ሰኞ 16

አዲስ ጫማ ገዛሁ። የድሮው ተረከዙ ስላለቀ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ባለቤቴ ማታ ማታ አብራኝ መውጣት ጀምራለች። የሚገርም ነገር ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ መፍጠን ጀምራለች። መንገዱን ተሻግራ ቆማ ጠበቀችኝ። “ማን አባረረሽ?” አልኳት። ክንዴን ያዘችኝ። ፍቅር መሰለኝ።

ሰኞ 23

ነገሩ አልገባኝም። የመጀመሪያውን ልኬት ለማረጋገጥ ዛሬ እንደገና ቆጠርኩ። ከበሩ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ፦ 231።

ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ሁለተኛው 233 ነው፤ እሱ ግን ሻንጣ ይዤ ስለነበር አይቆጠርም።

አትክልተኛውን ጠየቅኩት። “መንገዱ ዳር የነበረውን የአበባ መደብ አዛውረኸዋል?”

“እኔ?”

“መንገዱ ዞሯል። ሃያ እርምጃ ያህል ጨምሯል።”

ባርኔጣውን አውልቆ መንገዱን አየው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። “ጌታው፣ ይህ መንገድ ከበሩ እስከ ደረጃው እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። በየት በኩል ይዞራል?”

“ታዲያ ደረጃው ነው የራቀ?”

“እሱን ማታ ማታ የሚያንቀሳቅሰው ካለ፣ እኔ ጠዋት ነው የምገባው” አለኝ።

ፌዘኛ ሰው ነው። አበባው ግን ተነካክቷል፤ እርግጠኛ ነኝ።

ዓርብ 27

ኃላፊዋ የመጀመሪያዎቹን ሰባት መቆሚያዎች አነበበች። “ጋሼ፣ እያነበብኩ እግሬ ተንቀሳቀሰ” አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ደርሶኝ አያውቅም። ስለ 231 አልነገርኳትም። 212ን ተውኩት፤ የመጀመሪያው ልኬት በጥሩ ቀን የተወሰደ ነው።

በጥሩ ቀን አልኩ? ሌላውስ ቀን ምን ሆነ? ደክሞኝ ነው የጻፍኩት።

ማክሰኞ 1

አውቶቡስ ማቆሚያውን ወደ ታች ወስደውታል መሰለኝ። ባለቤቴ “የት ወሰዱት? ምሰሶው ራሱ ነው፣ የተለጠፈበትም ማስታወቂያ ራሱ ነው” አለች። ሒሳብ አስተማሪ ቦታ አታይም፤ ቁጥር ነው የምታየው።

ሐሙስ 3

ከስምንት እስከ ዐሥራ አራት ለካሁ። ጨረስኩ! ሰባተኛው መቆሚያ ከሆነው ከፀሐይ ሰዓቱ እስከ ጥንታዊ የሳይንስ መሣሪያዎቹ ክፍል በር፦ 90። በሩ ከባድ እንጨት ነው፤ ባለ ዓምዱ መተላለፊያ ላይ በስተግራ።

ስወጣ ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ በሩ ቆጠርኩ፤ እንዲያው ለጨዋታ። 248። መመለሻው ዳገት ነው መሰለኝ።

አትክልተኛው ከአጥር ሥር ቀና ብሎ አየኝ። ወደ ሥራው ተመለሰ። ዝም ሲል ከፌዙ ይብሳል።

ሰኞ 7

ረቂቁ ሙሉ በሙሉ ገባ። ሐሙስ ሙከራ አለ፦ አምስት የማይተዋወቁ ሰዎች ወረቀቱን ይዘው ይገባሉ። አንደኛው ታክሲ ነጂ ነው፤ ኃላፊዋ ቢሮዋ ባደረሳት ጊዜ ጨዋታው ጥሟት ጋበዘችው። ሁለት ተጋቢ ወጣቶች፣ አንዲት ነርስና አንድ የባንክ ሠራተኛ አሉበት። እኔ አብሬያቸው አልሄድም። ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ጸሐፊ አብሮ ከሄደ ሙከራ አይባልም።

መቀመጡም አይከፋም።

ሐሙስ 10

ምን ብዬ ልጻፈው?

እስከ ሰባተኛው መቆሚያ ድረስ እንደ ሰዓት ሄዱ። ከፀሐይ ሰዓቱ ተነሥተው ዘጠና እርምጃ ቆጠሩ፤ በስተግራ ከባድ የእንጨት በር አገኙ፤ ከፈቱት። ታክሲ ነጂው ከፊት ነበር፤ ድምፁ ጎርናና ነው። ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፦

“ከፊት ለፊትዎ የሚያዩት በግቢው ካሉት ሁሉ ያረጀው ነው። ዛሬም ከተጠመዘዘ ይሠራል። እባክዎ በእጅ አይንኩት።”

ከፊት ለፊቱ የነበሩት የጉባኤው ሊቀ መንበር ናቸው። ጉባኤው ስብሰባ ላይ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው።

በመተላለፊያው ላይ የሚመሳሰሉ ሁለት በሮች አሉ። የመሣሪያዎቹ ክፍል የመጀመሪያው ነው። እነሱ የመጀመሪያውን አልፈውት ሄደዋል።

ነርሷ ይቅርታ ጠየቀች። ታክሲ ነጂው ግን ወረቀቱን እንደገና አየና “እዚህ ላይ ልክ ዘጠና ነው የሚለው” አለ። ሊቀ መንበሩ “እኔም ልክ ሰባ አንድ ነኝ፤ በሩን ዝጉት” አሉት።

ሲነግሩኝ ሳቅኩ። አምልጦኝ ነው። ከዚያ ኃላፊዋ መጣችና ፊቷን ሳይ ሳቄ ቆመ። ሊቀ መንበሩ እስከ ዓርብ ሳምንት ጊዜ ሰጥተዋታል። ወረቀቱ ካልተስተካከለ ወይ አስጎብኚ ይቀጠራል፣ ወይ በሩ አይከፈትም።

“ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሮቹን ቀድሜ ማየት ነበረብኝ” አለች።

“አንቺ ምን አጠፋሽ? አቆጣጠራቸው ነው። በተለይ ያ ታክሲ ነጂ። መኪና የሚነዳ ሰው ስለ እርምጃ ምን ያውቃል?”

ቀስ ብላ፣ “አምስቱም እኮ ዘጠና ነው የቆጠሩት” አለች።

ቅዳሜ 12

ስድስት ጊዜ የመለስኩባት ልጅ የእኔን ጥፋት ተሸከመች። እኔ ምን አልኳት? ታክሲ ነጂ አልኳት።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። 212። 231። 248። ሳያቸው ዋልኩ። ግቢው እያደገ ነው ወይስ ምንድነው?

ባለቤቴ ሻይ አስቀምጣልኝ ከትከሻዬ በላይ አየች። እዚያው ቆማ ቀረች። ሠላሳ ዓመት ተማሪ ራሱ መልሱን እስኪያገኝ ቆማ የጠበቀች ሴት ናት፤ አቋቋሟን አውቀዋለሁ።

ሰኞ 14

ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ መጻፍ ያለበት ነው።

ማለዳ ሰው ሳይገባ ግቢ ደረስኩ። አሸዋው ገና መበጠሩ ነበር፤ ዱካ አልነበረበትም። ከበሩ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ጥንቅቅ አድርጌ ቆጠርኩ፦ 265።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አትክልተኛው ሬኩን ተደግፎ አጠገቤ ቆመ።

“ዛሬም አበባዬን ልትከሰው ነው?”

“ዛሬ ማንን እንደምከስ አላውቅም።”

“ተነሥ። ና እስኪ ወደ መንገዱ። አሁን ወደ ኋላህ ዙር።”

ዞርኩ። በባዶው አሸዋ ላይ የአንድ ሰው ዱካ ብቻ ከበሩ ተነሥቶ እኔ ጋ ይደርሳል።

“የማን ነው?” አለኝ።

“የእኔ ነዋ።”

“አይ፣ እንዲህ አይነበብም።” ተቀመጠና በሬኩ እጀታ ጫፍ አሳየኝ። “እኔ ይህንን መንገድ ሃያ ሁለት ዓመት አበጥሬዋለሁ። ሰው የሚያየው ያበጠርኩትን ነው፤ እኔ የማየው ከማበጠሬ በፊት ያለውን ነው። ያቺ የምትደውልልህ ኃላፊ ጣቷ ጠልቆ ይገባል፤ ሁልጊዜ ትቸኩላለች። ስልክ እያየ የሚሄድ ተማሪ እንደ ሰከረ ሰው ይሄዳል። ሊቀ መንበሩ ሦስት እግር አላቸው፣ አንዱ ከዘራ ነው። አንተን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅሃለሁ። ያኔ በአንድ እርምጃህና በሚቀጥለው መካከል ሦስት ስንዝር ተኩል ነበር።”

እጁን ዘርግቶ ለካው። ሦስት ስንዝር አልሞላም።

“ቀኙን ደግሞ እየው። ግራው ይረግጣል፤ ቀኙ ይጎትታል። እዚህ ጋ እንደ መጥረጊያ ጠርጎታል።”

አየሁት። የቀኝ እግሬ ዱካ ኋላው ላይ ጭራ አለው። ሁሉም። ከበሩ እስከ ደረጃው።

“ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት።

“ትጠይቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር። አንተ ግን አበባውን የት ወሰድከው ነው ያልከኝ።”

ሳቅን። ሁለታችንም ቁጭ ብለን ሳቅን፤ ጠዋት የመጣች አንዲት ተማሪ ዞራን እንድታልፍ እስክትገደድ ድረስ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ዱካዬ ተመለሰ። ትከሻዬን መታ አደረገኝና “ያልታየ ነገር አልሆነብህም ጌታው። ጉልበት ነው” ብሎኝ ሄደ። ዱካዬን ግን ወዲያው አላበጠረውም። ቀኑን ሙሉ እንዳየው ይመስለኛል።

ቤት ገብቼ ደብተሩን ባለቤቴ ፊት ዘረጋሁት። ሁሉንም ነገርኳት፤ አሸዋውንም፣ ስንዝሩንም፣ ጭራውንም። የመጀመሪያዎቹ ሰባት መቆሚያዎች በጤነኛ እርምጃ፣ የቀሩት ሰባት በታመመ እርምጃ መለካታቸውን። ሰባቱን የለካው አንድ ሰው፣ ሰባቱን ሌላ ሰው እንደሆነ።

“212 እና 265” አለች። እርሳስ እንኳ አላነሣችም። “ከአምስት አራት ነው። አምስት ስትራመድ ድሮ አራት የምትራመደውን ነው የምትሄደው። ልክ ነው፣ ሰባ አምስቱ ስድሳ ሆኗል። እንዴት ያለ ንጹሕ ቁጥር ነው!”

“ደስ አለሽ?”

“ቁጥሩ ነው ደስ ያለኝ። አንተ ታናድደኛለህ።”

“ታውቂ ነበር?”

“አንተ ሰው፣ አንድ ወር ሙሉ አብሬህ ስወጣ ምን የምሠራ መሰለህ?”

“መፍጠን ጀምረሽ ነበር እኮ። ጽፌዋለሁም።”

ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጣ ያንን ቀን አነበበችው። ሳቀች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። “እኔ እኮ” አለች፣ “በተቻለኝ መጠን ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው።”



ማክሰኞ 15

ኃላፊዋ ጋ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳት። በቁጥር ነገርኳት። ወንበር ሳበችልኝ። ወንበሩ ትንሽ አስቆጣኝ፤ ተቀመጥኩበት ግን።

“የቀሩትን ሰባቱን ሌላ ሰው ይለካቸዋ፤ ቀላል ነው” አለች።

ቀላል ነው። መንገድ ላይ ሳስበው መጣሁ። ግን የሚመጣው ማነው? ዘጠና ዓመት የሞላው ግቢ ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ድሮ እዚህ የተማረ ሰው ነው። እኩያዬ ነው። የእሱ እርምጃ ስንት ስንዝር ይሆናል?

ሰባቱን ሳይሆን ሰባቱንም ሌሎቹንም፣ ሁሉንም እንደገና እቆጥራለሁ አልኳት። በአሁኑ እግሬ።

“ወጣቶቹስ?”

“ለእነሱ ባለቤቴ ሒሳብ ሠርታላቸዋለች።”

ረቡዕ 16

ከጠዋት እስከ ማታ። ዐሥራ አራቱም። ባለቤቴ እርሳስና ወረቀት ይዛ፣ አትክልተኛው ከኋላችን ዱካ እያየ። “ቀኙን አታጭበርብር!” ይለኛል። በየስንት እርምጃው አግዳሚ እንዳለ ጻፍን። ስድስት አግዳሚ አለ። በስድስቱም ተቀመጥኩ። ለሥራው ስል።

ከፀሐይ ሰዓቱ እስከ መሣሪያዎቹ ክፍል፦ 96። ባለቤቴ፣ “በጤነኛ እግር ሰባ ሰባት ገደማ” አለች።

“ገደማ አትበይ።”

“ሰባ ስድስት ነጥብ ስምንት። አሁን ልብህ ዐረፈ?”

በሩን በተመለከተ “የመጀመሪያው በር፤ ሁለተኛውን እንዳይከፍቱ” የሚል ጨመርኩ።

ሐሙስ 17

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ራሳቸው ይሞክሩታል ተባለ። ብቻቸውን። ኃላፊዋ ጥፍሯን እየበላች ከእኔ ጋር በሩ አጠገብ ቆመች።

አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ከዘራቸውን ይዘው በዚያው አሸዋ ተመለሱ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም፤ እንዲህ ያለ ፊት የማውቀው ከአንድ ዋና አዘጋጅ ብቻ ነው።

“አርባ ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ” አሉ። “ሰው የሚጽፈውን ርቀት አንድም ቀን በልኩ ደርሼበት አላውቅም። አምስት ደቂቃ ሲሉኝ አሥር ነው። ዛሬ ዘጠና ስድስት ሲል ዘጠና ስድስት ሆነልኝ። ማነው የለካው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ።

እግሬን አዩት። እኔም የሳቸውን አየሁ።

“የቱ ነው?” አሉኝ።

“ቀኙ።”

“የእኔ ግራው ነው።” ፈረሙ። ከዚያ ዞር ብለው፣ “ያ ከተጠመዘዘ ይሠራል የሚለው እንዳለ ይቆይ፤ እንዳታወጡት” አሉ።

ዓርብ 18

ማተሚያ ቤት ገባ። የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽ እዚህ ገልብጬዋለሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው የርቀት ማረሚያዬ ነው፦

“ውድ እንግዳ፦ በዚህ ወረቀት ያሉት እርምጃዎች ቀኝ ጉልበቱን የሚያመው የአንድ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው እርምጃዎች ናቸው። እኩያው ከሆኑ እንደተጻፈው ይቁጠሩ። ጉልበትዎ ጤነኛ ከሆነ ከየአምስቱ አንድ ይቀንሱ። ቀድመው ከደረሱም ይጠብቁን።”

ኃላፊዋ አንድ ቃል አልነካችም። ባለቤቴ “ቀኝ ጉልበቱን የሚያመው” በሚለው ላይ ጣቷን አስቀምጣ ቆየች። በጽሑፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ 26

በሩ ተከፈተ። ወረቀቱ እስከ ቀትር አለቀ፤ ሰው ከሰው እየተቀባበለ ያነብ ጀመር።

ድሮ እዚህ የተማሩት መጡ። ከዘራ የያዙ፣ የልጃቸውን ክንድ የያዙ፣ ምንም ያልያዙና መያዝ የሚገባቸው። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ በአሸዋው ላይ ሲያልፉ አየሁ። ሁለት መቶ ስድሳ አራት፣ ሁለት መቶ ስድሳ አምስት ብለው ደረጃው ሥር ሲቆሙ ቀና ይሉና ፈገግ ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ቆመው ያካፍላሉ። አንዱ፣ “ከ175 አንድ አምስተኛው ስንት ነው?” ሲል ባለቤቴ ከአግዳሚው ላይ “ሠላሳ አምስት፤ ስንተኛ ክፍል ነህ?” ብላ ጮኸችበት። ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ ነው።

ታክሲ ነጂው እናቱን ይዞ መጣ። “ዛሬ እኔ አልቆጥርም፤ የምትቆጥረው እሷ ናት” አለኝ። አሮጊቷ የመጀመሪያው በር ፊት ቆማ ዘጠና ስድስት አለች። እሱ ወሬ ላይ ስለነበር ሁለተኛው በር ደርሶ እጀታውን ይዟል። “አንተ! ተመለስ!” ብላ ስትጠራው በመተላለፊያው የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ።

አትክልተኛው ማታ አሸዋውን አሳየኝ። ከዳር እስከ ዳር ዱካ ነው፤ መሬቱ አይታይም። “ነገ አላበጥረውም። አንብቤ እስክጨርስ” አለ።

ማክሰኞ 29

ቃሌን ጠበቅኩ። ሐኪሙ ጋ ሄድን።

ጉልበቴን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቀለው። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል አለ። ከዚያ፣ “ከመቼ ጀምሮ ነው አካሄድዎ የተለወጠው?” አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። “ሰሞኑን” ልል ነበር። ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፈተችና ይህንን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ራሴ አነበብኩለት። በ4፣ 212። በ23፣ 231። በ3፣ 248። በ14፣ 265።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። “ሌላው ሰው እኮ ‘ቆየት ብሏል’ ነው የሚለኝ” አለ። ሁሉንም ገለበጠው። የጻፍኩትን እንዲህ በጥሞና የገለበጠ ሰው አይቼ አላውቅም።

“መቼ ነው እንደ ልቤ የምሄደው?” አልኩት።

“ሦስት ወር ገደማ።”

ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን እየሳቀ ነበር።

“ገደማውን ይተውልኝና ቀኑን ይንገሩኝ” አልኩት።

ቀን መቁጠሪያውን ገልጦ ጣቱን አንድ ሐሙስ ላይ አሳረፈ። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። በዚያ ቀን ማለዳ ከበሩ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ እቆጥራለሁ። አትክልተኛው አሸዋውን አበጥሮ ይጠብቀኛል። ባለቤቴም አብራኝ ትሄዳለች፤ በራሷ እርምጃ።